ሁለተኛው ስንኝ

ሜርል ባሏን በትራስ አፍና ልትገድል እንዳሰበች የሰማችው ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሳህን የወተትና የእንቁላል ኩስታርድ በእጇ ይዛ፣ ከኃላፊዋ ቢሮ በር ውጪ ቆማ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ የአረጋውያን ቤቱ ኃላፊ ሊያን፣ ክፉ የምርመራ ውጤት እንደሚያነብ ሐኪም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነባለች። «በትራስ ባፍንህ ሌሊት ስታንኮራፋ» አለችና ትንሽ አረፈች። «ይሄ ያለፈው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ደግሞ 'ዛሬ እንዳትሞትብኝ፣ ቀብር ተወዷል' ይላል። እሑድ ስለ ጥርሱ ነው፤ ጥርሱን ሸጣ ባርኔጣ ልትገዛ ነው።» ከዚያ ሌላ ድምፅ ተሰማ፣ ሜርል አምጣ የወለደችው ድምፅ። «የእማዬ ጽሑፍ ነው» አለች ጃኔል። «ሌላ ማን እንዲህ ይጽፋል?» ልጇ ዛሬ እዚህ እንደምትመጣ አልነገረቻትም። መኪናዋን ግቢው ውስጥ አይታ የሌላ ሰው መስሏት ነበር ያለፈችው።

ሜርልን ለማያውቃት ሰው አንድ ነገር ልበል። ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ቁመቷ ከሱቅ ባንኮኒ እምብዛም የማያልፍ፣ ዓርብ ዓርብ ፀጉሯን የምትሠራ ሴት ናት። ደም አይታ አታውቅም ብዬ መማል አልችልም፤ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሥጋ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ከእነሱ ሁለት ቤት ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው፣ የባሏን የክላሪን ቋሊማ ስበላ ነው ያረጀሁት፤ ስለዚህ ስለ ሁለቱ ስናገር ከሩቅ የሰማሁትን አይደለም። ክላሪ፣ ሜይፊልድ በሚባለው ሰፈራችን ዋና መንገድ ላይ፣ በጫማ ሠሪውና በመድኃኒት ቤቱ መሀል፣ አርባ ዓመት ሥጋ ሸጧል። የብረት ፋብሪካው ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ፈረቃ ሲለቅ ሰልፉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይደርስ ነበር። ሜርል ወደዚያ ሱቅ መጀመሪያ የመጣችው ለጠብ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና፣ ሰው በተሰለፈበት፣ የተጠቀለለ ሥጋ ባንኮኒው ላይ ጥላ፣

«ትናንት የሸጥክልኝ በግ ነው ወይስ ጫማ?»

ብትለው፣ ክላሪ ቀና እንኳ ሳይል፣ ቢላዋውን እየሳለ፣

«ካልጣመሽ እኔን ፈጭተሽ አርጊኝ ቋሊማ»

አላትና ወዲያው ወደ ሰልፉ ዞሮ «ቀጥሎ ማነው?» ብሎ ጮኸ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሜርል ፊቷ ቀልቶ ወጣች፤ በማግስቱ ሌላ ስንኝ ይዛ መጣች። ተጋብተው ጃኔልን እስኪወልዱና ከዚያም በኋላ ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። እሷ ትሳደባለች ወይም ትዝታለች፣ እሱ ቤት አስመትቶ ይዘጋዋል። እየቆየም ሕግ አወጡለት። ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ ማንም የፍቅር ገጣሚ ነክቶት የማያውቅ አንድ ቃል መኖር አለበት። አንዴ የገባ ቃል ሁለተኛ አይገባም። «ልብ» የሚባለው ቃል ጨርሶ ክልክል ነው። ክላሪ ልብን ከሁሉም በርካሽ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ «እሱን የሚገዙት ለድመት ነው» ይል ነበር፤ ለሚስቱ የድመት ምግብ ማቅረብ አልፈለገም። ጉበት፣ ጣፊያ፣ ሽንፍላ፣ ቆሽት፣ መቅኔ፣ ቋንጃ እያሉ ሲሄዱ በጉ በጥቂት ዓመት ውስጥ አለቀ። ከዚያ ወደ ቧንቧ ሥራ ተሻገሩ፣ ከቧንቧ ወደ መኪና ዕቃ፣ እርጅና ሲመጣ ደግሞ ወደ በሽታ። ዓርብ ዓርብ ሱቁ መስኮት ላይ፣ በነጭ ቀለም፣ ከቋሊማው ዋጋ በላይ የሳምንቱን ግጥም ይጽፉት ነበር። አንዱን እስከ ዛሬ ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል።

«ቀድመህ ከሞትክብኝ ሌላ አገባለሁ።»
«እኔም በሰርግሽ ቀን ሞራ ለብሼ እመጣለሁ።»

አሁን ሱቁ የስልክ መሸጫ ሆኗል። ክላሪ የመርሳት በሽታ ከያዘው አምስት ዓመት አለፈው፤ አረጋውያን ቤቱ ከገባ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። በየክፍሉ አንዳንድ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ቀኑንና ምሳውን ይጽፉበታል፣ ሽማግሎቹ ቀኑ እንዳይጠፋባቸው። ሜርል ከሥሩ የራሷን ትጨምራለች። ያለፈው ሐሙስ የክላሪን በር የከፈተ ሰው ያነበበው እንግዲህ ይሄንን ነው፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። ነፋስ አለ። ምሳ ዶሮ ነው። በትራስ ባፍንህ ሌሊት ስታንኮራፋ። አዲስ የተቀጠረች የሌሊት ሠራተኛ ይህን አየች፣ ደነገጠች፣ በስልኳ ፎቶ አነሳች። ሁለተኛው ስንኝ ሰሌዳው ላይ የለም። ተጽፎም አያውቅም፣ ምክንያቱም ክላሪ በአፉ ነው የሚለው።

ሜርል የቢሮውን በር በክርኗ ገፍታ ገባች። ሊያን ከወንበሯ ብድግ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዓይኗ ሥር ጥቁር ያለባት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያልተበላ ሳንድዊች የማይጠፋ ሴት ናት። ጃኔል ኮቷን ሳታወልቅ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። እናቷን ስታይ ቦርሳዋን ከጉልበቷ አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

«ይግቡ ወይዘሮ ሜርል፣ ይቀመጡ። እኛም ልንጠራዎት ነበር።»

«ሰምቼዋለሁ። ከመጀመሪያ አትጀምሪው» አለች ሜርል። ኩስታርዱን ጠረጴዛው ላይ፣ በፎቶዎቹ መሀል አስቀመጠችው።

ሊያን ቀስ ብላ አስረዳች። ማንም ሊከሳት እንዳልፈለገ፣ አንድ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ካመለከተ ግን ዝም ማለት እንደማትችል፣ ሕጉ እንደሚያስገድዳት። ነገሩ እስኪጣራ ሰሌዳው ይወርዳል። ሜርል መምጣት ትችላለች፣ ነገር ግን በሩ ክፍት ሆኖ፣ አንድ ሠራተኛ አብሮ ተቀምጦ። ሜርል እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ስንት ዓመት አብሬው የተኛሁት ሰውዬ ዘንድ ዘበኛ ሊቆምብኝ ነው?»

«ለእርስዎም ጥበቃ ነው ብለው ያስቡት።»

«ግማሹን ነው ያነበብሽው» አለች ሜርል። «ይሄ ግማሽ ነው። የቀረውን እሱ ነው የሚዘጋው።»

«እሱ ማን?»

«ባሌ ነዋ። ማን ሊሆን ኖሯል፣ ፖስተኛው?»

ሊያን ወደ ጃኔል ተመለከተች። ሜርልም ወደ ጃኔል ተመለከተች። ጃኔል ደግሞ ሳንድዊቹን ነበር የምትመለከተው። ታውቃለች እኮ። በዚያ መስኮት ሥር ነው ያደገችው። በእርግጥ ለእሷ ነገሩ እንደኛ ሳቅ አልነበረም። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው የዓርቡን ግጥም በዜማ እያሉ ይቀበሏት ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ስሟ «ሞራ» ሆኖ ቀርቷል። አንድ ዓርብ ማለዳ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ በባልዲ ውሃ ይዛ ሄዳ መስኮቱን አጥባዋለች። አባቷ ምንም አላላትም፤ ቀለሙን አውጥቶ እንደገና ጻፈው፤ ከፍ አድርጎ፣ እጇ በማይደርስበት ቦታ። ያን ጊዜ ጃኔል አንድ ነገር ተረድታ ነበር፤ እነዚያ ሁለቱ የሚያወሩበት ቤት ውስጥ ለሦስተኛ ሰው የተቀመጠ ወንበር የለም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ድሮ እንደዚያ ይባባሉ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አባዬ ሲመልስ ግን እኔ ከሰማሁት ቆየሁ።»

«ኑና ስሙ» አለች ሜርል። «እኔ የመጀመሪያውን እላለሁ፣ እሱ ይዘጋዋል። ከዘጋው ሰሌዳዬን ትመልሺልኛለሽ፣ ዘበኛሽንም ትወስጂልኛለሽ።»

«ካልዘጋውስ፣ እማዬ?»

«ይዘጋዋል አልኩሽ።»

ሊያን ሰዓቷን አየች። ክላሪ አሁን እየታጠበ ነው፣ ከዚያ ምሳ አለ። ከምሳ በኋላ ሦስቱም አብረው ይገባሉ። ይህ ሁሉ የደግነቷ ነበር፤ እምቢ ማለት ትችል ነበር።

እናትና ልጅ መተላለፊያው ላይ ካለው ሶፋ ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ ብቻ የምትኖርበት የመስታወት ገንዳ አለ። ቀድሞ ሁለት ነበሩ። ከምግብ ቤቱ የተቀቀለ ካሮትና የሳሙና ሽታ ይመጣል። አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እያለፈች፣ አውቶቡሱ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ሜርል «ገና ነው የኔ ቆንጆ፣ ሲመጣ እጠራሻለሁ» አለቻትና አሮጊቷ አመስግና ሄደች። ጃኔል የመኪና ማቆሚያው ጠባብ መሆኑን አነሳች። ሜርል ጠባብ መሆኑን አመነች። ጃኔል ለልጇ ልደት የበግ ኮትሌት ልትገዛ ገብታ ኪሎው ስልሳ ዶላር እንደተባለች ነገረቻት። «አባትሽ እንዳይሰማ» አለች ሜርል። ሁለቱም ትንሽ ፈገግ አሉ። የነሐሴ ነፋስ በሩን ከውጪ እየመታ ያንቋቋዋል። ሜርል የጓንቷን ጫፍ ትጎትታለች፣ ጃኔል ስልኳን ታበራለች፣ ታጠፋለች።

«ባለፈው ዓርብ ደውለውልኝ ነበር» አለች ጃኔል ዓሣዋን እያየች። «እናትሽ አባትሽን ልትጎዳው ትችላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አላውቅም አልኳቸው።»

ሜርል ራሷን ነቀነቀች፤ ስለ አየሩ አንድ ነገር የተነገራት ይመስል። ብትጮህ ይሻላት ነበር። መጮህ ግን አልመጣላትም፤ ዕድሜ ልኳን ስትናደድ ወደ ግጥም ነበር የምትሄደው፣ ዛሬ ደግሞ ሁለተኛውን ስንኝ የሚዘጋላት ሰው በሩ ማዶ እየታጠበ ነው። ጃኔል እጇን ወደ እናቷ ጉልበት ልትሰድ ጀምራ፣ መሀል መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ኮቷ ላይ ያለ ክር ለቀመች።

የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ማሪቼል ሻይ ይዛላቸው መጣች። ማሪቼል ከፊሊፒንስ የመጣች ቀን ቀን የምትሠራ ሠራተኛ ናት፤ ክላሪን የምታጥበውም የምታበላውም እሷ ናት። «እማማ ሜርል» አለች አጎንብሳ፣ «ሰሌዳውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ። ፎቶውን ግን እኔ አላነሳሁም።» ሜርል እንደማትቀየማት ነገረቻት። «ዛሬ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «በልቷል። ሲበላ ጠረጴዛውን ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። ስለ እርስዎ ስነግረው ግን...» ማሪቼል ስኒውን አስተካከለች። «ዛሬ ትንሽ ደክሞታል» አለች።

አሁን ሜርል ለማንም ያልተናገረችውን ልናገር፤ ለእኔም የነገረችኝ ኋላ ነው። ክላሪ ስንኝ ዘግቶ የሚያውቀው እስከ ፋሲካ ድረስ ነበር። የፋሲካው ውስጥ «ኪንታሮት» የሚል ቃል ነበረበት፤ ምግብ ቤቱ ሙሉ ሰው ሰምቶታል፤ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። እሷ ግን መጻፏን አልተወችም። ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እሱ በደግ ዓይን ያያታል፣ የማያውቀውን ሰው በጨዋነት እንደሚያይ ሰው። ሲመሽ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ የእሱን ስንኝ ራሷ ትሠራለታለች። ሕጉን አክብራ ነው፤ ያልተነካ ቃል ፈልጋ። ለቀብሩ ስንኝ «የዳሌዬን ብሎን ማን ይገዛዋል» አለችለት፤ ዳሌው የተሰበረ ጊዜ ብረት ገብቶለት ነበርና። ያለፈው ሐሙስ ደግሞ፣ ለትራሱ፣ «ማን ይዘፍንልሻል እንጥሌ ሲጠፋ» የሚል መጣላት፤ እሱ ራሱ የተናገረው እስኪመስል ድረስ የእሱ ነበር። ብቻዋን ሳቀች። ሹፌሩ በመስተዋት አያት። ከዚያ ሳቁ መልኩን ቀየረና እስከ ሜይፊልድ ድረስ አላቆመላትም። ቃል እያለቀባትም ነው። ከእንጥል በኋላ ምን ይቀራል እያለች ሌሊት አልጋዋ ላይ በሰውነቷ ውስጥ ትዞራለች።

ስለዚህ «ይዘጋዋል» ስትል እየዋሸች ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ግን ውሸት አልለውም። ተስፋ ያደረገ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው።

ክፍሉ ትንሽ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ ሁለቱ በሱቁ በር ቆመው የተነሱት ፎቶ፣ ክላሪ ነጭና ሰማያዊ ሽርጡን እንዳደረገ። ሰሌዳው የነበረበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ነጥቶ ይታያል። ክላሪ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ የምግብ ጠረጴዛው ተገፍቶለታል። ፀጉሩን አበጥረውታል፣ በተሳሳተ በኩል። እጆቹ ግን እጆቹ ናቸው፤ ሰፋፊ፣ የግራው አመልካች ጣት ጫፉ የጎደለ። በመዳፉ ጠርዝ ጠረጴዛውን፣ እንደ ሱቁ ባንኮኒ፣ ወደ ራሱ ይጠርጋል። ምንም የሌለበትን ጠረጴዛ ጠርጎ ይጨርሳል፣ እንደገና ይጀምራል።

ሊያን ከበሩ አጠገብ ቆመች። ጃኔል ከእናቷ ኋላ ቆመች፤ ክፍሉ ሌላ መቆሚያ አልነበረውም። ሜርል ኮቷን አውልቃ ፀጉሯን ነካ ነካ አድርጋ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆመች። መቀመጥ ትችል ነበር፤ ቆማ ነው እንጂ ተቀምጣ ብላው አታውቅም።

«ክላሪ» አለች። «ስማኝ።»

«በትራስ ባፍንህ ሌሊት ስታንኮራፋ።»

ክላሪ ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ማሞቂያው ብቻ ያጉረመርማል። ሊያን ጫማዋን አየች። ሜርል ጠበቀች፤ ሱቅ ውስጥ እሱ ቢላዋውን እየሳለ ቃል ሲፈልግ ትጠብቀው የነበረውን ያህል፣ ከዚያም አስበልጣ።

«ዛሬ እንዳትሞትብኝ፣ ቀብር ተወዷል» አለች።

እሱ ጠረጴዛውን ጠረገ። የሜርል ከንፈር ሳታስበው ተንቀሳቀሰ፤ የእሱን ስንኝ ያለድምፅ እያለችለት ነበር፤ ጃኔል ከጎን አየቻት። ያን ጊዜ ጃኔል ነገሩ ገባት። እናቷ ስንት ጊዜ ለብቻዋ እንዲህ እንዳደረገች ባታውቅም፣ እንዳደረገች ገባት። «እማዬ፣ ይበቃል» አለች በሹክሹክታ። ሜርል አልዞረችም። ሁሉም ነገር ቢጠፋ አንድ የማይጠፋ ነበራት፤ ወደዚያ ሄደች።

«ትናንት የሸጥክልኝ በግ ነው ወይስ ጫማ?»

ውጪ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ። ሊያን አንድ እርምጃ ቀረብ አለች፤ ድምፅዋ ርኅራኄ ነበረበት። «ወይዘሮ ሜርል፣ ደክሞታል። ሌላ ቀን እንሞክር።» ሌላ ቀን እንደማይኖር ሦስቱም ያውቁ ነበር። ሜርል ኮቷን ከአልጋው አነሳች። አንዱን እጅጌ አጥልቃ ሌላውን ስትፈልግ ነው ክላሪ አፉን የከፈተው። ድምፁ ዝጎ ነበር፤ ቃሉ ግን አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ወጣ። ወደ ሊያን ዞሮ ነው የተናገረው።

«ይህቺን ሴት አላውቃትም፣ ከዚህ አስወጡልኝ።»

ሊያን ዓይኗን ጨፈነች፤ ከአሁን በኋላ ወረቀት ላይ ምን ብላ እንደምትጽፍ ታውቃለች። ጃኔል አፏን በእጇ ያዘች። ሜርል ኮቷ በአንድ ትከሻዋ እንደተንጠለጠለ ቆማ ቀረች። ያለውን ከልቡ እንዳለው ታውቃለች። እንደማያውቃት ታውቃለች። ቅስሟ ስብር ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያየው ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ክፉ ስንኝ ብሎ ሲጨርስ ሌላው ዝም ብሎ አይቆምም፣ መዝጋት አለበት፤ በእነሱ ቤት ሕጉ ይሄ ነው። መቼም ከዘጊው ወገን ሆና፣ በእሱ ፊት፣ በድምፅ ዘግታ አታውቅም። ያልተነካ ቃል ፈለገች። በጉን ከአናቱ እስከ ኮቴው አሰሰችው፤ ባዶ ነው። ቧንቧውም፣ መኪናውም፣ በሽታውም አልቋል። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ተነግሮ የማያውቅ የቀረ ቃል አንድ ብቻ ነበር።

«እሺ ልሂድ፤ ልብህን ብቻ ጠቅልልልኝ» አለችው።

ክላሪ መጥረጉን አቆመ። አያት። ደግነቱን ትቶ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ አንድ ዕቃ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ እንደሚያየው አያት። ከዚያ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አነሳ፤ የሌለ ወረቀት ዘረጋ፣ በሌለው ነገር ላይ አንዱን ጎን አጠፈ፣ ሌላውን አጠፈ፣ ጫፎቹን ወደ ታች አስገባ፣ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ወደ ሜርል ገፋው። ሜርል ኮቷን ለቀቀችው። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፤ ደረቷ ላይ ያዘችው። ሊያን ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ወደ ጃኔል ዞረች። ጃኔል ግን ታለቅስ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል ታውቃለች።

«ቀጥሎ ማነው?» አለ ክላሪ።

ሜርል እቃዋን የተቀበለች ደንበኛ እንደሚያደርገው ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ከኋላዋ የነበረችው ጃኔል ነበረች። አባቷ ቅንድቡን አንስቶ ይጠብቃታል፤ ስንት ሺህ ሰው ሲጠብቅ በኖረበት ፊቱ። ጃኔል ዕድሜዋን ሙሉ ከባንኮኒው ማዶ ሆና እንጂ ተሰልፋ አታውቅም። ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። አፏን ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋች።

«ለእሷ የሰጠሃትን» አለች፤ ድምፅዋ ከዚያ በላይ አልወጣላትም።

ክላሪ በእጁ ጠርዝ ጠረጴዛውን ወደ ራሱ ጠረገ።

«እሱስ አልቋል፣ የኔ ቆንጆ» አላት። «አንድ ብቻ ነበር።»